የብሩክታይት አጭር ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሲሳሳቱ መታረም የማይወዱ አንድ አስተማሪ ነበሩን። ሰሌዳው ላይ የጻፉት ዓመት ስህተት መሆኑን ክፍሉ ሁሉ ቢያውቅም፣ በየደብተራችን አስተካክለን ጽፈን ዝም እንል ነበር። ብሩክታይት ገረመው ግን እጇን ታወጣለች። ካላዩዋት አታወርድም። አንድ ቀን አይተው እንዳላዩ ሆነው ትምህርቱን ሲቀጥሉ፣ ቀኝ እጇ ሲደክማት በግራ እየቀየረች ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እንደያዘችው አስታውሳለሁ። ሳቅንባት። አስተማሪው ያስተማሩን አብዛኛው ጠፍቶኛል፤ ያ እጅ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። የክፍላችን ልጆች በየአገሩ ተበተኑ፣ አንዳንዶቹን ቀበርን። እሷ የፖለቲካ ሳይንስ ዶክተር ሆነች፤ ሃያ ዓመት ያህል እዚያው አስተማረች፤ በመጨረሻው ምርጫ ደግሞ ያለ ምንም ፓርቲ በግሏ ተወዳድራ ፓርላማ ገባች። የምርጫ ምልክቷ ጃንጥላ ነበር።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ትንሽ ገባ ብሎ። እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ፣ እሷ አራተኛ። ክፍለ ከተማው ዛሬ ለሚ ኩራ ይባላል፤ እኛ ስንገባ ቦሌ ነበር። ከኛ በፊት ደግሞ የጤፍና የጓያ ማሳ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ለጥናት መጠይቅ ይዤ መጥቼ ገበሬዎቹ እርጎ አጠጥተውኛል። ያ ማሳ የትኛው ብሎክ ሥር እንደቀረ በመስኮት እያየሁ አንዳንዴ ለመገመት እሞክራለሁ።

የምክር ቤት አባል ሲባል ሰው ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ይጠብቃል። ብሩክታይት የምትሄደው በባቡር ነው። ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ የተማሪዎች ወረቀትና ረቂቅ አዋጅ አብረው ይገባሉ። መቀመጫ ካገኘች ታርማለች፤ ካላገኘች ዘንጉን በአንድ እጇ ይዛ ታነባለች። ሁለቱንም የምታርመው በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ነው። አንድ ጊዜ በቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ረቂቁን በቀይ ሞልታ፣ ዳር ላይ "ይህ አንቀጽ ምን ለማለት ፈልጎ ነው?" ብላ ጽፋ ብትመልሰው፣ ያረቀቁት ሰው "ዶክተር፣ ውጤቱንም ጻፉልኝ እንጂ" አሏት። ሰውየው መቀለዳቸው ነበር። እሷ ወረቀቱን መልሳ ተቀብላ "ሲ" ብላ ጻፈችበት።

ድምፅ ሲሰጥ፣ የሚደግፉ ሲባል አዳራሹ በእጅ ይሞላል። የሚቃወሙ ሲባል አንዳንዴ የሷ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ባለ ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ጎረቤት ደረጃ ላይ ያገኛትና ይጠይቃታል።

"ዛሬስ ስንት ሆናችሁ ተቃወማችሁ?"

"እኔን ጨምሮ?"

"አዎ።"

"አንድ።"

ቅዳሜ ጠዋት ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢያችን ምድር ላይ ካለው ከሐቢባ ሱቅ በር፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጣለች። የመራጮቿ ጽሕፈት ቤት ያ ነው። ውሃ የጠፋበት ይመጣል፣ ትራንስፎርመር የተቃጠለበት ይመጣል፣ ሚስቱን ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ማዛወር ያቃተው ይመጣል። እሷም "እኔ እኮ ሕግ አውጪ ነኝ፤ አስፈጻሚው ሌላ ነው" ብላ ትጀምርና የሥልጣን ክፍፍልን ከሥሩ ታስረዳለች። ሰውየው ታግሶ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ስትጨርስ፣ "ገብቶኛል ዶክተር። ታዲያ ለውሃው መቼ ልመለስ?" ይላል። ያኔ ስልኳን አውጥታ የምታውቀው ሰው ጋ ትደውላለች።

ሐቢባ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ከወሎ ገና በልጅነቷ የመጣች፣ ምላሷ የማይደክም ሴት ናት። ባሏ አብዱልጀባር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከብሩክታይት ጋር ስለ ኬላና ስለ ቀረጥ ይከራከራል። ሁለቱም መሸነፍ ስለማይወዱ ሐቢባ መብራቱን ስታጠፋባቸው ነው የሚለያዩት።

ከብሎኮቹ መሃል አንድ ሜዳ አለ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሴቶች በርበሬ ያሰጡበታል፤ ዋናው አገልግሎቱ ግን ለሐዘን ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው በሁለት ክፍል ቤት አይችልም። ሰርግ አዳራሽ ተከራይቶ ይደረጋል፤ ለሐዘን አዳራሽ የተከራየ ሰው አላየሁም። የዕድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም። ገብተን እስክንለማመድ፣ ከጎረቤት ጋር የተዋወቅነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ድንኳን ሥር ነው። በር ለበር ሆነው ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ስም የተጠያየቁት።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት ስንነሣ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። ማን እንዳጠረው የሚናገር አልነበረም። በሩ ላይ ዱላ የያዘ ጥበቃ ተቀምጧል፤ ማን እንደቀጠረው ሲጠየቅ "ኤጀንሲው" ይላል፤ ኤጀንሲውን ማን እንዳዘዘው አያውቅም። የዕድሩ ሰዎች ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፤ አንዱ ወደ ሌላው እየላካቸው ጫማቸውን ጨረሱ።

ግንቦት ላይ አብዱልጀባር ሞተ። ጉዞ ላይ ሳይሆን ቤቱ፣ በእንቅልፉ። ድንኳኑ የተተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ካስማ የሚመታበት አፈር ስለሌለ ገመዶቹን ከቆሙት መኪኖች ጋር አሰሯቸው። በማግስቱ አንድ ተከራይ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ አንዱ ገመድ ተፈታ፤ ድንኳኑ ቁርኣን በሚቀሩት ሽማግሌዎች ላይ ተንጋደደ። ሰው ተሯሩጦ ሸራውን በእጁ ደግፎ ቆመ። እንደቆመም ዝናቡ መጣ። ሐቢባ ከነነጠላዋ በስብሳ፣ ምሰሶ ይዛ ወደቆመችው ወደ ብሩክታይት ዞረች።

"ጃንጥላ ብለን ነበር የመረጥንሽ" አለቻት። "ይኸው ዝናቡ መታን።"

 ብሩክታይት ዝናቡ እስኪያባራ ምሰሶውን አለቀቀችም።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ነገሩ ተነሣ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለኪሮስ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ ያሉ የሚመስሉ ሰው።

"ልጄ፣ ፓርላማው ክረምት ይዘጋል አይደል?" አሏት።

"ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል ጋሼ።"

"መስከረም ሲከፈት ይሄ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ሆኖ አይጠብቀንም። ክረምቱን ካለፈ ከውስጡ ፎቅ ነው የሚወጣው። ያኔ የምንጠይቀው ነገር የለም።"

"ከመዘጋቱ በፊት የከተማ ልማት ሚኒስትሩ ይመጣሉ። እጠይቃቸዋለሁ።"

"ትጠይቂያለሽ?"

"በቴሌቪዥን ታዩኛላችሁ።"

አየናት። ሐቢባ ሱቅ ውስጥ ከዘይት ጀሪካኖቹ በላይ በተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን፣ የግቢው ሰው ተጨናንቆ። ጋሽ ኃይለኪሮስ ወንበር ተሰጣቸው፤ ሌላው ቆመ። ሚኒስትሩ ሪፖርታቸውን አቀረቡ፣ ጥያቄ ተከፈተ፣ የሷ ተራ ደረሰ። ነጭ ሻርፕ አድርጋለች። ለአንድ አባል የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት፣ የጋራ ቦታ የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ እንዴት እንደሚታይ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ።"

"ጎበዝ" አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ።

ጽንሰ ሐሳቡን አብራራች። ሦስት አመለካከቶች እንዳሉ ተናገረች፤ አንደኛውን አቀረበች፣ ድክመቱን አሳየች። ከዚያ ከተማዪቱ ተጠሪነቷ ለማን እንደሆነ ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰች። ሁለተኛውን አመለካከት ጀመረች። ሁሉም ትክክል ነበር፤ እኔ አንድ ስህተት አላገኘሁበትም።

"ጥያቄው ይሄ ነው?" አለች ሐቢባ።

"አይ፣ ይሄ ገና መንደርደሪያው ነው" አልኳት።

"መች ነው የምትነሣው ታዲያ?"

ሦስተኛው አመለካከት ላይ ደርሳ፣ "ስለዚህ ጥያቄዬ…" ስትል ማይክሮፎኑ ጠፋ። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አፈ ጉባኤው ሰዓቱ እንዳለቀ ነግረዋት ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ሚኒስትሩ መልስ ሲሰጡ ስሟን ጠርተው፣ "የተከበሩ ዶክተር ላቀረቡልን ጥልቅ ማብራሪያ እናመሰግናለን፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" አሉ።



"ምኑን ነው የሚወስዱት?" አለች ሐቢባ።

"ግብዓቱን" አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ከወንበራቸው እየተነሡ። "ሜዳውን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ግብዓቱንም ወሰዱት።"

ማታ ከባቡር ስትወርድ በጓሮ በኩል መግባት ትችል ነበር። በሱቁ በር በኩል መጣች። የሚጠብቃትን ታውቅ ነበርና ሳጥኑን ራሷ ገልብጣ ተቀመጠች።

"ነይ እስኪ" አለች ሐቢባ። "አንቺ ሜዳውን ልትጠይቂ ነው የሄድሽው ወይስ ዲግሪ ልትሰጪያቸው?"

"ጊዜው አለቀብኝ።"

"እሱ መች አለቀ፤ አንቺ ነሽ የጨረስሽው። የኔ ባል ድንኳን ወደቀበት፣ ሚኒስትሩ ደግሞ አመስግነው ሸኙሽ። ምስጋናሽን ይዘሽ ግቢ።"

"አጠፋሁ ሐቢባ።"

"ስታጠፊ ደግሞ ቶሎ ታምኛለሽ። ሰው እንኳ በደንብ አያኮርፍሽም።" ሻይ ቀድታ ሰጠቻት። "ስኳሩን ራስሽ ጨምሪ።"

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ታርማለች። የአንዱን ተማሪ የመጀመሪያ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ሁለተኛውንም ሰረዘች፤ ሦስተኛው ገጽ ዳር ላይ "ጥያቄህ የት አለ?" ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው እዚያው ቆመ። ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ጽፌያለሁ" አለችኝ። "በየወረቀቱ ላይ፣ ለየትውልዱ።"

ከቦርሳዋ የፓርላማ ንግግሯን አወጣች። ሽፋኑን ሰረዘች፣ ምስጋናውን ሰረዘች፣ ሦስቱንም አመለካከቶች ሰረዘች። ሕገ መንግሥቱ ላይ ስትደርስ እጇ ትንሽ አመነታ፤ እሱንም ሰረዘችው። የቀረው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። ያንን አነበበችና ግማሹን ሰረዘች።

የቀረው ነገር ተራ ማግኘት ነበር። ሚኒስትሩ ምክር ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሳሉ፤ ጠያቂው ብዙ ነው። የጠያቂዎችን ዝርዝር ከሚያስተባብሩት አንዱ ቢሩክ የሚባል ወጣት አባል ነው፤ የአብላጫው ፓርቲ ሰው፣ የሷ የቀድሞ ተማሪ። ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ አንድ ካፌ ቀጠራት። የተነጋገሩትን እሷ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ የሱን አነጋገር እያስመሰለች።

"መምህር፣ በጽሑፍ ያስገቡትና እኔ ራሴ እከታተልልዎታለሁ።"

"በጽሑፍ የገባው መልስ መቼ ይመጣል?"

"ያው… መስከረም ላይ።"

"ኮንክሪቱስ መቼ ይሞላል?"

ቢሩክ ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ። "ደግሞ እኮ መምህር፣ ጉዳዩ የከተማው ነው። ለፌዴራሉ ምክር ቤት ትንሽ አያንስም?"

"ከተማዪቱ ተጠሪነቷ ለማን ነው?"

"ለፌዴራል መንግሥት።"

"ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት ነበር የሰጠሁህ?"

"ቢ ፕላስ።"

"በዝቶብህ ነበር።"

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠ። "እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው። ሰዉ ስለ በጀት፣ ስለ ዋጋ ንረት ሲጠይቅ እርስዎ ተነሥተው ስለ ለቅሶ ድንኳን ቢያወሩ ይስቃሉ። ባለፈውም ኮሪደር ላይ ተስቋል፤ አልሰሙ ይሆናል እንጂ።"

"ሰምቻለሁ። እኔ የተሳቀብኝ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ነው ቢሩክ። ስሜን አስገባ፤ መጨረሻም ቢሆን ግድ የለኝም። ካላስገባኸኝ ደግሞ ሁላችሁም ጠይቃችሁ ስትጨርሱ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብዬ እነሣለሁ፤ ደንቡን ከሁላችሁም በላይ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያንተንም የደንብ ኮፒ ያረምኩት እኔ ነኝ።"

"አጭር ይሆናል?"

"ይህንን አንተ ነህ የምትጠይቀኝ? ሠላሳ ገጽ መግቢያ ጽፈህ ያስረከብከኝ ልጅ?"

አስገባት። መጨረሻ ላይ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል እንደገና ሐቢባ ሱቅ ተሰበሰብን። ሰው ያለፈውን ያህል አልመጣም። ሐቢባ ራሷ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ምስር ትመዝናለች። ጠያቂዎቹ ጠየቁ፣ ሚኒስትሩ መለሱ፣ ሰው ተሰላቸ። ከምሳ ሰዓት በፊት የብሩክታይት ስም ተጠራ። ተነሣች፤ እጇ ላይ ወረቀት አልነበረም።

"ክቡር ሚኒስትር፣ አያት ኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ መሃል ያለው፣ ሚያዝያ ላይ በቆርቆሮ የታጠረው ሜዳ ለማን ተሰጠ?"

አፈ ጉባኤው ጠበቁ። አዳራሹ ጠበቀ።

"የተከበሩ ዶክተር፣ ይቀጥሉ።"

"ጨርሻለሁ።"

ሐቢባ ሚዛኑን አስቀምጣ ዞረች።

ሚኒስትሩ አመስግነው ጀመሩ። የከተሞች ዕድገት ፈጣን መሆኑን ተናገሩ። ነዋሪውን ያማከለ ልማት የመንግሥት አቅጣጫ መሆኑን አብራሩ። የአረንጓዴ ቦታዎችን ጠቀሜታ በሦስት ከፍለው አዩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራው አልፎ አልፎ ወደ ብሩክታይት ይሄዳል፤ እንደቆመች ናት። ሚኒስትሩ ጨርሰው ውሃ ጠጡ።

"የተከበሩ ዶክተር፣ መቀመጥ ይችላሉ" አሉ አፈ ጉባኤው።

"መልሱን ቆሜ ልሰማ ብዬ ነው ክቡር አፈ ጉባኤ።"

"መልሱ ተሰጥቷል።"

"ለማን እንደተሰጠ አልሰማሁም።"

ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። እሷ አልዞረችም። አፈ ጉባኤው ወደ ሰዓታቸው፣ ከዚያ ወደ ሚኒስትሩ ተመለከቱ። ሚኒስትሩ ከኋላቸው ወደተቀመጡት ባለሙያዎች ዘንበል አሉ፤ ሹክሹክታ ሆነ፣ አንዱ ስልክ አየ፣ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሐቢባ ሱቅ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ብሩን ይዞ ቆሞ ቀረ።

"ባለን መረጃ መሠረት" አሉ ሚኒስትሩ፣ "የተጠቀሰው ቦታ የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ነው። ለማንም አልተሰጠም።"

"አመሰግናለሁ" ብላ ተቀመጠች።

"ለማንም?" አለች ሐቢባ።

"ለማንም" አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ።

"ታዲያ ቆርቆሮው የማን ነው?"

 ምክር ቤቱ ተዘጋ፣ አጥሩ አልተነሣም። የዕድሩ ሰዎች የሚኒስትሩን መልስ ይዘው እንደገና ዞሩ፤ አንዱ ቢሮ ጋ አላየነውም ተባሉ፣ ሌላው ጋ ኃላፊው ዕረፍት ወጥተዋል ተባሉ። ሐምሌ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ገልባጭ መኪና መጥቶ ከአጥሩ ሥር አሸዋ ደፍቶ ሄደ። ብረትም መጣ። ብሩክታይት ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ላይ ቆማ አሸዋውን ስታይ አያታለሁ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አሸዋው ይቀንሳል፤ ገልባጩ ይመለስና ይሞላዋል።

እንደዚያ ባለ አንድ ጠዋት እትዬ እንቁ ሞቱ። አምስተኛ ፎቅ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ የግቢውን ግማሽ ልጅ ያዋለዱ ይመስል ሁሉንም ልጅ በስሙ ይጠሩ ነበር። ጡሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ከመጋዘን አውጥተው ደረጃው ሥር አወረዱት፤ ምሰሶውን፣ ሸራውን፣ የካስማውን ከረጢት። እዚያ ከደረሱ በኋላ ወዴት እንደሚሸከሙት የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ኃይለኪሮስ ወደ መኪና ማቆሚያው አዩ።

"በኔ ባል የደረሰው ይበቃል" አለች ሐቢባ። "እሳቸው ላይ ድንኳን አይወድቅም።"

ብሩክታይት ከደረጃው ወርዳ ነበር፤ ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። ሰዉ ሁሉ እሷን አየ። ከመሃል አንዱ፣ "ሕግ መጣስ እንዳይሆን እንጂ" አለ።

"የማን ሕግ?" አለች። "ለማንም አልተሰጠም ተብሏል። የጋራ መገልገያችሁ ነው ተብሏል። ሚኒስትሩ ናቸው ያሉት፣ አገር ሰምቷል። የራሳችን ሜዳ ላይ ሬሳችንን ለመሸኘት የማንን ፈቃድ ነው የምንጠብቀው?"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ፤ ድምፃቸው ግን አልጠነከረም። "አንድ ሰው ቢታሰርስ?"

ሐቢባ ወደ ብሩክታይት ተጠጋች። "አንቺ ያለመከሰስ መብት የሚባል ነገር አለሽ አይደል?"

"አለኝ።"

"እንግዲያው የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አንቺ ንቀይ። ቀሪውን እኛ እናውቃለን።"

"ያለመከሰስ መብት እኮ፣ በመሠረቱ ስናየው፣ ሁለት ዓይነት…"

"ዶክተር" አሏት ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ "መንደርደሪያውን ተዪው።"

ለቅሶ መሆኑን ረስቶ የሳቀ ነበር። እሷም ፈገግ አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧ ላይ አሰረችና ከካስማው ከረጢት መዶሻ አወጣች። ከፊት ሄደች፤ ምሰሶ የተሸከሙት ተከተሏት፤ ሴቶቹም ተከተሉ።

ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣ። ከገጠር ከመጣ ብዙም ያልቆየ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ዱላውን በሁለት እጁ ያዘ።

"አይቻልም" አለ።

"ማን ነው አይቻልም ያለህ?" አለችው።

"ኤጀንሲው።"

"ኤጀንሲውንስ?"

ጥበቃው ከኋላዋ የቆመውን ሰውና ድንኳኑን አየ። "ማን ሞቶ ነው?"

"እትዬ እንቁ።"

"እኚያ… ሻይ በፔርሙዝ የሚልኩልኝ እናት?"

"እሳቸው።"

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ዱላውን ወንበሩ ላይ አጋደመና ከበሩ ፈቀቅ አለ። ሩቅ ግን አልሄደም፤ ብሩክታይት የመዶሻውን ሹካ ከምስማሩ ሥር ስታስገባ አጠገቧ ቆሞ ያያል። የመጀመሪያው ምስማር ዝጎ ስለነበር ሁለት ጊዜ አዳለጣት። ማንም አላገዛትም፤ ማገዝ የፈለገውንም ሐቢባ በክንዷ መለሰችው። በሦስተኛው ነቀለችው። ቆርቆሮው ጮኾ ተገነጠለና ጭቃው ላይ ወደቀ። ከወዲያ በኩል ሜዳው ታየ፤ ማንም ሳይረግጠው ሣሩ እስከ ጉልበት አድጓል።

"እኔ እንጀራዬ ነው" አለ ጥበቃው ቀስ ብሎ። "ለአለቃዬ ምን ብዬ ልናገር?"

ብሩክታይት ወደሱ ዞረች። ግንባሯ ላይ ጭቃ አለ።

"ስሜን ንገረው። ብሩክታይት ገረመው ነቀለችው በለው፣ የአያት ተመራጭ። ገፍታኛለች ብለህም ጨምርበት፤ አልክድም። ሊያነጋግረኝ ከፈለገ ሦስት ቀን እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አራተኛ ፎቅ።"

ይህን ብላ ሁለተኛውን ቆርቆሮ ያዘች።